መስታወት የሚያዋሕደው ብርሃን

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገድ ወረታ ላይ ከጎንደሩ መንገድ ጋር ይገናኛል። የመረጃ አውታርም እንዲህ ያለ መጋጠሚያ አለው፤ ከጋይንት፣ ከእስቴና ከፋርታ የሚነሣው የስልክና የኢንተርኔት ፍሰት ከትልቁ መስመር ጋር መቀላቀል አለበት፤ አገሪቱ የባሕር በር ስለሌላትም ወደ ውጭ የሚሄደው መረጃ በጎረቤት አገሮች አልፎ ነው ከባሕር ሥር ገመዶች የሚደርሰው። መረጃው የሚጓዘው ፋይበር በሚባል ቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ነው፤ በመጋጠሚያዎቹ የሚመጣው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል፤ መሣሪያዎች ካደራጁትና ካዋሐዱት በኋላም በሌላ ሌዘር እንደገና ብርሃን ሆኖ ይላካል። አሠራሩ አስተማማኝ ቢሆንም ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ የመስመሩ ፍጥነት ባደገ ቁጥርም መሣሪያውን መቀየር ይጠይቃል። ተመራማሪዎች ብርሃኑን ሳይለውጡ እዚያው በመስታወቱ ውስጥ ማዋሐድ ይቻል እንደሆነ የሚመረምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በተለመደው ሁኔታ ሁለት ጨረሮች ቢተላለፉ አንዱ ሌላውን አይነካውም። ብርሃኑ እጅግ ሲበረታ ግን መስታወቱ ራሱ ጠባዩን ይለውጣል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኬር በ1875 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ኃይል ሥር የገባ መስታወት ብርሃንን የሚያሳልፍበት ሁኔታ እንደሚለወጥ አሳየ፤ ሌዘር በ1960 ከተሠራ በኋላ ደግሞ ብርቱ ብርሃን ይህንኑ ለውጥ በራሱ ኃይል እንደሚያመጣ ታወቀ። ለውጡ ከብርሃኑ ብርታት ጋር ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ ክስተቱ ኢ-መስመራዊ ይባላል። ብርሃን የሚጓዝበት የፋይበር እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ አንድ አሥረኛ ዋት የሚሆን ብርሃን እንኳ በዚያ ጠባብ ቦታ ሲጨመቅ፣ በእኩል ስፋት ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበረታል።

ብርሃኑን ማበርታት ደግሞ ግድ ነው። ጥሩ ፋይበር በየኪሎሜትሩ 0.2 ዴሲቤል ያህል ስለሚያባክን፣ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር ባለው ወደ 100 ኪሎሜትር በሚጠጋ ርቀት የሚተርፈው ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ነው። ኃይሉን ከልክ በላይ መጨመር ግን የኬርን ክስተት ይቀሰቅሳል፤ በአንድ ፋይበር ጎን ለጎን የሚጓዙ ቀለማት፣ ማለትም ልዩ ልዩ የሞገድ ርዝመት ያላቸው ብርሃኖች፣ እርስ በርስ ይነካካሉ። ድግግሞሻቸው 193.1 እና 193.2 ቴራኸርዝ የሆኑ ሁለት ብርሃኖች አብረው ሲሄዱ፣ ማንም ያልላካቸው የ193.0 እና የ193.3 ቴራኸርዝ ብርሃኖች ይወለዳሉ። ይህም የአራት ሞገዶች ቅይጥ ይባላል። ጃፓን በስፋት በዘረጋችው አንድ የፋይበር ዓይነት ውስጥ ቀለማቱ እኩል ፍጥነት ይዘው ለረጅም ርቀት አብረው ስለሚሄዱ ቅይጡ በርትቶ አስቸግሮ ነበር፤ መፍትሔ ከሆኑት አንዱም ወደ ረዘሙ የሞገድ ርዝመቶች መሸሽ ነበር።

ማዋሐጃው የተገኘው ከዚሁ ሲሸሽ ከኖረ ጠባይ ነው። ሁለት ምልክቶች በሁለት ቀለማት ሲመጡ፣ ለእያንዳንዳቸው ድግግሞሹ በጥንቃቄ የተመረጠ ብርቱ አጋዥ ሌዘር ይጨመርና ሁሉም ቅይጡን ለማጉላት በተሠራ ልዩ ፋይበር ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ የሁለቱም መልእክት ቅጅ በአንድ አዲስ ቀለም ላይ ይወለዳል። እያንዳንዱ ምልክት በአራት የሞገድ አቀማመጥ ሁለት ሁለት ቢት የሚይዝ ከሆነና የአንዱ ሞገድ ቁመት የሌላው ግማሽ እንዲሆን ከተደረገ፣ ድምራቸው 16 የተለያዩ አቀማመጦች ይኖሩታል፤ ስለዚህ አንዱ ብርሃን በአንድ ምት አራት ቢት ይሸከማል። መስታወቱ ለብርሃኑ ምላሽ የሚሰጠው ከአንድ ሰከንድ ትሪሊዮንኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ በመሆኑ፣ ኤሌክትሮኒክስን የሚያዘገየው የፍጥነት ገደብ እዚህ አይደርስም።

ይህ ሁሉ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል፤ ወደ ወረታ ዓይነቱ መጋጠሚያ ለመድረስ ግን ብዙ ይቀረዋል፤ ሞገዶቹ በከፍታና በዝቅታቸው ለቅጽበት እንኳ ሳይዛነፉ መገጣጠም አለባቸው፤ አጋዥ ሌዘሮቹም ራሳቸው ኃይል ይበላሉ፤ በዚህ መካከል የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ እየወረደ ይሄዳል። ለደቡብ ጎንደር ደጋ አሁን የሚቀድመው ፋይበሩ ራሱ ወደ ገጠር ቀበሌዎች መዝለቁና ማጉያ ጣቢያዎቹ የማይቋረጥ መብራት ማግኘታቸው ነው። ጥናቱ ግን መሣሪያው እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚያሳየውን ይህን ጠባይ የሚገልጸውን ኢ-መስመራዊ የሽሮዲንገር እኩልታ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተራ ላፕቶፕ አስልቶ፣ ሁለቱ ቀለማት ተቀላቅለው ሦስተኛውና አራተኛው ሲወለዱ በስክሪኑ ላይ ሊያይ ይችላል።