ማዘዣውን የጻፈው ማን ነው?

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል የሐኪም ፊርማ ስላለበት ብቻ ከመድኃኒት ቤት የሚወጡ መድኃኒቶች አይደሉም። ያዘዛቸው ሰው የተመዘገበ፣ ፈቃዱ ያልታገደ፣ የሙያ ደረጃውም እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለማዘዝ የሚያበቃው መሆን ይኖርበታል። ይህን ሳያጣራ መድኃኒቱን የሚያስረክብ ፋርማሲስት ከጥፋቱ ነጻ አይሆንም።

መነሻው ዓለም አቀፍ ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የጸደቀው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት፣ መድኃኒቶቹ ለግለሰብ የሚሰጡት በሐኪም ማዘዣ እንዲሆን ያስገድዳል፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም መንግሥት ወይም የሙያ ማኅበር በሚያወጣው ባለጉርድ ጥራዝ ላይ እንዲጻፍ ይላል። የ1971ዱ ስምምነት ሳይኮትሮፒክ የሚባሉትን፣ አእምሮ ላይ የሚሠሩትን መድኃኒቶች ጨመረ። በኢትዮጵያ ቁጥጥሩን የያዘው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሚመራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ለእነዚህ መድኃኒቶች ልዩ ማዘዣ አለ፤ ያዘዘው ባለሙያ ስሙን፣ ሙያውን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበታል።

ይሁን እንጂ ጥራዝ ይሰረቃል፤ ቲተርም ቢሆን ገንዘብ ለከፈለ ይቀረጻል። ወረቀቱ ለራሱ ምስክር ሊሆን ስለማይችል፣ የምዝገባ ቁጥሩ ፈቃድ ከሰጠው መሥሪያ ቤት መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ስም ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ በዐረብኛ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ፈቃዱ መኖሩ ከታወቀ በኋላም ሐኪሙ ይህችን ማዘዣ በእርግጥ መጻፉ ይጠየቃል። የሚደወለው ፋርማሲስቱ ራሱ በሚያውቀው የጤና ተቋሙ ስልክ ነው፤ አስመሳይ ወረቀቱ ላይ የጓደኛውን ቁጥር ሊያሰፍር ይችላልና።

በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የተለየ ቁጥር አለ። የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሐኪሙ ሁለት ፊደላትና ሰባት አኃዞች ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ፊደል አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ስሙ መነሻ ነው። አኃዞቹ 1234563 ቢሆኑ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው 12 ናቸው፤ በሁለት ሲባዙ 24። ድምሩ 33 ስለሆነ መጨረሻው 3 መሆን አለበት፤ ሆኗልም። ይህ ስሌት የጸሐፊን ስሕተትና ሰነፍ አጭበርባሪን ያጋልጣል፤ መደመር የሚችለውን አጭበርባሪ ግን አያግደውም። ስለዚህ እዚያም ቢሆን የመጨረሻው ቃል የመዝገቡ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ድንበር ላይ ነው። ኒው ሀልፋ በኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ መስኖ የምትኖር የሱዳን ከተማ ናት። የአትባራ ወንዝ ውኃ ከጎንደር አካባቢ ተነሥቶ እዚያ ይደርሳል፤ የሐኪም ፈቃድ ግን መተማን አያልፍም። በሱዳን ለማዘዝ በሱዳን የሕክምና ምክር ቤት መመዝገብ ግድ ነው፤ ሱዳናዊው ሐኪምም ወደ ኢትዮጵያ ቢሻገር እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሃምዳየት በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገሩ የጤና ባለሙያዎችም አብረው ነበሩ። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ውጊያ ሲጀመር ደግሞ ስደቱ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። ነፍሱን ይዞ የሚሮጥ ሰው ዲፕሎማውን አይፈልግም፤ መዝገቡ ያለበት መሥሪያ ቤትም በጦርነት መካከል ጥያቄ ላይመልስ ይችላል።

በዚህ መሐል የሚጎዳው በሽተኛው ነው። ገዳሪፍ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የሚጥል በሽታ ያለበት ሠራተኛ ፌኖባርቢታሉን በድንገት ቢያቋርጥ፣ በሽታው ከቀድሞው ብሶ ሊነሣበት፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። የ1971ዱ ስምምነት አገሮች መንገደኛ ለራሱ የሚበቃ ጥቂት መድኃኒት እንዲይዝ እንዲፈቅዱ መንገድ ይከፍታል፤ በሕጋዊ መንገድ ማግኘቱን ግን ማረጋገጥ መብታቸው ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ስሙ ከተጻፈበት ማሸጊያ ሳያወጣ፣ ከማዘዣው ቅጂ ጋር መያዝ አለበት። ሲያልቅበት የኢትዮጵያው ማዘዣ የገዳሪፍንም ሆነ የኒው ሀልፋን መድኃኒት ቤት አያስከፍትለትም፤ በቦታው የተመዘገበ ሐኪም መርምሮት፣ የድሮውን ወረቀት ለመረጃ ያህል ተመልክቶ፣ በራሱ ስምና ቁጥር አዲስ ይጽፍለታል።