የሕፃኑ ልብ ሲጠገን አንጎሉስ?

የልብ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሕፃን እናትና አባት መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይተርፍልናል ወይ?» ብለው ነው። አያት ደግሞ ቆየት ብለው ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ፦ «ከተረፈ በኋላስ እንደ እኩዮቹ ይናገራል? ይማራል?» ይህ የአያት ስጋት ብቻ አይደለም። ሐኪሞችም መልሱን ለዓመታት ሲፈልጉት ቆይተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨቅላን ልብ ከፍቶ ለመስፋት ደም የማያጥለቀልቀው፣ የማይንቀሳቀስ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የደም ዝውውሩ ለተወሰነ ጊዜ ጭራሽ እንዲቆም ይደረጋል። ደም የተቋረጠበት አንጎል ግን በተለመደው የሰውነት ሙቀት በ4 እና በ5 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ኩላሊትና ጉበት ከአንጎል የበለጠ ቢታገሡም የእነርሱም ትዕግሥት ወሰን አለው።

መላው የተገኘው በቅዝቃዜ ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የኦክስጅን ፍላጎቱ አብሮ ይወርዳል። ካናዳዊው ዶክተር ዊልፍሬድ ቢግሎ ይህንን በእንስሳት ላይ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጆን ሉዊስ የአንዲት የ5 ዓመት ልጅ ሰውነት እንዲቀዘቅዝ አድርገው፣ ወደ ልቧ የሚገባውን ደም ለ5 ደቂቃ ተኩል ያህል አግደው፣ በልቧ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ ሰፉ። ልጅቷም ዳነች።

ከዚያ ወዲህ የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ ማሽን መጣ፤ የሕፃናትን ሙቀት እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ማድረግም ተለመደ። ብዙ ሕፃናት ተረፉ። የአያት ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1992 በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ጥያቄውን በጥናት ያዙት። ከልብ የሚወጡት ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች ቦታ ተለዋውጠውባቸው የተወለዱ 171 ጨቅላዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ሁሉም እንዲቀዘቅዙ ተደረገ። በአንደኛው ቡድን ቀዶ ሕክምናው በዋናነት የተሠራው የደም ዝውውሩ ጭራሽ ቆሞ ነው፤ በሌላው ማሽኑ ጥቂት ደም ማዘዋወሩን ቀጠለ።

ዝውውሩ የቆመባቸው ሕፃናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚጥል መንቀጥቀጥ በብዛት ታየባቸው፤ በ1 ዓመታቸውም በእንቅስቃሴ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ሐኪሞቹ በዚህ አላበቁም። ልጆቹ 8 ዓመት ሲሞላቸው ዳግም መረመሯቸው። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ሁለቱ ቡድኖች ተቀራረቡ። ሆኖም ዝውውሩ የቆመባቸው በእጅ ቅልጥፍናና በንግግር ሲደክሙ፣ የሌላው ቡድን ልጆች ደግሞ ቸኩሎ የማድረግ ባሕርይ አሳዩ። ሁለቱም መንገድ የራሱ ዋጋ ነበረው።

የጊዜው ጉዳይም ግልጽ ሆነ። ዝውውሩ የቆመው እስከ 41 ደቂቃ ገደማ ከሆነ በልጆቹ ዕድገት ላይ ብዙ ልዩነት አልታየም፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ውጤቱ እያሽቆለቆለ ሄደ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ማቆም የግድ ከሆነ ጊዜው ይጠር።

በአገራችንም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ የጥናቱ መልእክት «አትፍሩ» ወይም «ፍሩ» አይደለም። ያልተጠገነ ከባድ የልብ ችግር ከቀዶ ሕክምናው ይበልጥ አደገኛ ነው። መልእክቱ ክትትሉ ስፌቱ ሲድን አያበቃም የሚል ነው።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ፦ የደም ዝውውሩ ይቆማል? ለምን ያህል ጊዜ? አንጎሉስ በምን ይጠበቃል? ልጁ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ መቼ እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደሄደ፣ ስንት ቃል እንደሚናገር ልብ ይበሉ። ትምህርት ቤት ሲገባም ለመምህሩ ታሪኩን ይንገሩ፤ ትኩረት ማጣቱ ስንፍና ላይሆን ይችላልና።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ለአያቶች፦ ይህ ቅዝቃዜ በማሽንና በባለሙያ ብቻ የሚሠራ ነው። በቤት ያለ ጨቅላ ዛሬም መሞቅ አለበት።