ሲያጌጡ ይመላለጡ፦ የሳህን ሳሙናና የመኪናችን ነገር

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከሮኪ ተራሮች ወርዶ ካልጋሪን ባሞቃት ቁጥር አንድ የማይቀር ትርዒት አለ። የሳምንት በረዶ በሰዓታት ይቀልጣል፤ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ይሆናል፤ በማግስቱም ሰው ሁሉ መኪናውን ሊያጥብ ይወጣል። በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ፣ በ16ኛው አቬኑና በሜሞሪያል ድራይቭ መካከል ባለችው አቢዴልም እንዲሁ ነው።

እንዲህ ባለ ቀን አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ለብ ያለ ውሃ በባልዲ፣ የሳህን ሳሙና ከማጀት ይዞ ብቅ አለ። «የድስት ቅባት ያስለቀቀ ለመኪና ጭቃ አያንስም» ብሎን መፈተግ ጀመረ። አዲስ አበባ ሳሉ በጋራዥ ቀለም ቅብ ያረጁ አንድ ጋሼ አጠገባችን ቆመው ነበር። መኪናው ሲያበቃ ኮፈኑ ላይ ውሃ ረጩበት፤ ውሃው ተንጣለለ። በቅርቡ ሰም በቀባሁት በእኔ መኪና ላይ ሲረጩ ግን እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ።

«በመስከረም ገንዘብ ከፍዬ ያስቀባሁት ሰምስ?» አለ ወንድማችን።

«ከቅባቱ ጋር አጥበህ ደፋኸው ልጄ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው» አሉት።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ለብዙ ወገኖቻችን መኪና ጌጥ ሳይሆን እንጀራ ነው። ስለዚህ እውነቱን ለይተን እንወቅ።

የሳህን ሳሙና አንድ ጊዜ ቢነካው ቀለሙን አይበላም። የተሠራው ግን ቅባት እንዲያስለቅቅ ነው፤ ሰምም ለእርሱ ያው ቅባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ባሕር ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ፣ የተበከሉት ወፎች የታጠቡት ዳውን በሚባለው የሳህን ሳሙና ነበር። ከላባ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ የሚያስለቅቅ ሳሙና ለመኪና ሰም አይራራም። ሰሙ ሲሄድ ፀሐዩ፣ የመንገዱ ጨውና ጠጠሩ ያለ ከልካይ ቀለሙ ላይ ያርፋሉ። ሰሌዳው በተጫረበት ቦታም ዝገት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳት ጭረት ነው። የመኪና ሻምፖ የሚያሙለጨልጭ ስለሆነ አሸዋው እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ የሳህን ሳሙና ግን በዚህ ረገድ ደካማ ነው። የድስት መፈተጊያ ስፖንጅ ሲጨመርበትማ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት እንደ መሞረድ ነው። አገር ቤት የለመድነው ኦሞም መፍትሔ አይሆንም፤ ከሳህን ሳሙናውም ይበረታል፤ ያልሟሟው ዱቄትም ይጭራል።

ሦስተኛው የጎረቤት ጉዳይ ነው። መንገድ ዳር ያለው የዝናብ ውሃ ቦይ የሚወስደው ወደ ቦው ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የካልጋሪ ደንብም ሳሙና ወደዚያ ቦይ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህን ለመረዳት ከእኛ የቀረበ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። የእንዶዱ አረፋ ለበጎ ዋለ። የሳህን ሳሙና አረፋ ግን የዓሣውን ስንጥብ ነው የሚጎዳው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አሮጌውን ሰም አንስቶ በዚያው ዕለት አዲስ ለመቀባት ያሰበ ሰው በሳህን ሳሙና ቢያጥብ ነውር የለውም፤ በሚገባ ያለቅልቀው። ከዚያ ውጭ የመኪና ሻምፖ፣ ለስላሳ ጨርቅና ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። አስቀድሞ አሸዋውን በውሃ ማስወገድ፣ ከላይ ወደ ታች ማጠብ፣ ጎማውን መጨረሻ ላይ መንካት ነው። በበረዶው ወራት ሳንቲም እየከፈሉ በሚታጠብበት ቤት ሆዱን ማጠብ ከኮፈኑ ይቀድማል፤ ጨው የሚደበቀው እዚያ ነው። የበሩን ጎማ አድርቆ መውጣትም አይረሳ፤ አለዚያ ማታ ብርዱ ሲመለስ በሩ ተጣብቆ ያድራል።

ወንድማችን በማግስቱ ሰም ገዝቶ መጣ። ጋሼም እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረውት ቀቡ። የሳህን ሳሙናው ወደ ማጀቱ ተመልሷል።