የዓለም ቅርስ ጥበቃ የሰሜን ገበሬዎችን ጥቅም ይጠይቃል

ከቀሐ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ እየተሞላ የጥምቀት በዓል ሲከበርበት የኖረው የዐፄ ፋሲል መዋኛ፣ ከጎንደር አብያተ መንግሥታት ጋር በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ባሻገር የተንጣለለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

ምዝገባው ክብር ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት። ኢትዮጵያ በ1969 ዓ.ም. ባጸደቀችው ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ መንግሥት በምድሩ ያለውን ቅርስ ይጠብቃል፤ ሌሎች መንግሥታትም በገንዘብና በሙያ ይተባበሩታል። የ21 አገሮች ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴም የጥበቃውን ሁኔታ እየመረመረ ውሳኔ ይሰጣል።

ይኸው ኮሚቴ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ መደበው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ዋልያ ቁጥሩ መመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ገደሉ አፋፍ መግፋታቸው፣ በፓርኩ ውስጥ መንገድ መሠራቱም ለውሳኔው ምክንያት ነበሩ።

መፍትሔው ግን የገበሬውን ማሳና መሰማሪያ የሚነካ ነበር። የፓርኩ ወሰን ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። በፓርኩ መሐል ገብስ እያመረቱና በግ እያረቡ ይኖሩ የነበሩት 418 የግጭ አባወራዎች እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለገበሬው ግን ከእርሻ ወደ ከተማ ኑሮ መሻገሩ ቀላል አልነበረም።

ለአካባቢው ሕዝብ የተከፈተው አንዱ የገቢ በር ቱሪዝም ነው። በደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ አከራዮች በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። በቅሎ ያለው ገበሬ ተራው ሲደርስ የእንግዳውን ጓዝ ጭኖ ኪራይ ያገኛል። ይህም በእርሻ ላይ የሚጨመር ገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ተራው የሚደርሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ጦርነትና የጸጥታ ችግር እንግዳውን አራቁት። ገቢው ሲቋረጥ ገበሬው የሚመለከተው እንደገና የተከለለውን ሣር ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኮሚቴው በሚሰበሰብበት አዳራሽ የሚተላለፈው ውሳኔ የሚጸናው፣ ከብቱን ከአፋፉ የሚመልሰው ገበሬ የሚኖርበት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ለፓርኩ የሚደረገው የውጭ ዕርዳታ የዋልያውን ጥበቃ ሲያጠናክር፣ እንግዳ ለጠፋበት ዘመን የሚሆን የተሻሻለ የገብስ ዘር፣ የከብት መኖና የእንስሳት ሕክምናም ለገበሬው ሊያደርስ ይገባል። የተዛወሩት አባወራዎችም በሚወሰነው ነገር ላይ ድምፃቸው ሊሰማ፣ ከፓርኩም ገቢ ድርሻቸው ሊታወቅ ያስፈልጋል።