ዓመቱን በአብዛኛው በእንቁላል ውስጥ የሚያሳልፍ እስስት

በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር ደረቅ ጫካ፣ በጋው ሲበረታ የላቦርድ እስስት አዋቂዎች በሙሉ ሞተው ያልቃሉ። የቀረው ዘር አፈር ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ብቻ ነው።

ዝናቡ በኅዳር አካባቢ ሲጀምር ግልገሎቹ በአንድነት ይፈለፈላሉ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው ለመራባት ይደርሳሉ፤ ወንዶቹ ለሴት ይፋለማሉ፣ ሴቶቹ እንቁላላቸውን ይቀብራሉ፣ ከዚያ ተከታትለው ይሞታሉ። በእንቁላል ውስጥ ከ8 እስከ 9 ወር የቆየው ፍጥረት ከተፈለፈለ በኋላ የሚኖረው 4 ወይም 5 ወር ነው! ይህ ግኝት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር።

አዋቂው ቀጣዩን ዝናብ የማየት ዕድሉ እጅግ ጠባብ በሆነበት አገር፣ ጉልበት ቆጥቦ ማቆየት ለዘር አይበጅም። ያለውን ሁሉ በአንድ ወቅት ለመራባት የሚያውለው ብዙ ዘር ይተካል። ስልቱ ግን ግትር አይደለም፤ የተሻለ እርጥበት ባለው በማዳጋስካሩ የኪሪንዲ ጫካ አንዳንድ ሴቶች ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ።

የዱቮሴል ጌኮ የተባለው የኒውዚላንድ እንሽላሊት ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል፣ ያውም በአንድ ጊዜ ቢበዛ ሁለት። ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ዕድሜውም እስከ 50 ዓመት ይደርሳል። ሰው ያመጣቸው አይጦች ሲወርሩት ግን የሞተበትን ቶሎ መተካት ስላልቻለ ከዋናዎቹ ደሴቶች ጠፍቶ በትናንሾቹ ተወስኗል።