ከማደያው እስከ ጉድጓዱ

በአዳማ ክረምት ሲወጣ ጎሚስታውና ባሌስትራ ጠጋኙ ፋታ አያገኙም። ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች ቱቦ በተደፈነ ቁጥር ጎርፉ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ውሃው ከሥር ከገባ ደግሞ የከባድ መኪና ጎማ ቀሪውን ይጨርሰዋል። ጉድጓዱን እየዞረ ሲያመልጥ የሚውለው የባጃጅ ሹፌር ለዚያው መንገድ ጥገና ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜ ሳያውቀው።

የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ለአዲስ መንገድ ብድርም ዕርዳታም ይገኛል፤ በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቀነሰው ጥገና ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ሳንቲሞች ተነሥተው፣ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ፈቃድ ክፍያና ከልክ በላይ የጫኑ መኪኖች ቅጣት ተጨምሮ፣ ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል ተደነገገ። በተለመደው ክፍፍል ከመቶው 70 ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 ለክልሎች፣ 10 ለከተሞች ይደርሳል።

ያቺ አሥር እጅ ለአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የምትዳረስ ናት። አዳማ፣ ሞጆና ሻሸመኔ ደግሞ ተራ ከተሞች አይደሉም፤ የወደብ ጭነትና የነዳጅ ቦቴ፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው ተሳቢም በእነሱ በኩል ያልፋል። የአክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል፤ መኪናው የሚቀዳው ናፍታ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። በሊትር የተቆረጠ ተመንም ካልተከለሰ ከገበያው ኋላ ይቀራል፤ በ2017 አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አልፏል። መንግሥት በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ማገዱን ይፋ ካደረገ ወዲህ የበዛው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ማደያ አይገባም፤ መንገዱን ግን እኩል ይረግጣል።

በ2007 ለትራፊክ ክፍት የሆነው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የተለየ ነው። ሹፌሩ የክፍያ በሩ ላይ ይከፍላል፣ ስንት እንደከፈለና ለምን እንደከፈለ ያውቃል። የማደያው ክፍያ ይህ ግልጽነት የለውም።

በካሊፎርኒያ የነዳጅ ቀረጥ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲጨመር ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን በቀጣዩ ዓመት ለድምፅ አቀረቡት፤ አብዛኛው መራጭ ቀረጡ እንዲቀጥል ወሰነ። ለመንገዱ እንደሚውል በማመን ከኪሱ ሊከፍል የፈቀደ ሕዝብ ነበር። እኛ ዘንድ ሕዝበ ውሳኔ የምናውቀው ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 እንዳደረገው ለክልልነት ነው እንጂ ለቀረጥ አይደለም።

ሆኖም ሰዉ ስለ መንገድ መወሰን ያውቅበታል። ኮብልስቶን ሊነጠፍ ሲታሰብ ጎረቤት ተሰብስቦ ድርሻውን ያዋጣል፣ ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፣ ድንጋዩ ሲራገፍ ቆሞ ይቆጥራል። ከመንገድ ፈንድ ለከተማው ስንት እንደመጣና በየትኛው መንገድ ላይ እንደዋለም በየቀበሌው ይለጠፍለት፤ የትኛው ቱቦ ክረምቱ ሳይገባ መጠረግ እንዳለበት የሰፈሩ ሰው ለማዘጋጃ ቤቱ ያሳያል።