ሐይቁም አለ፤ ነፋሱም አለ

አንባቢ ሆይ፤ እሑድ ከቀኑ በ10 ሰዓት ገደማ በሐዋሳ ከተማ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ዳርቻ ወርደው ያውቁ እንደ ሆነ የምነግርዎን በዓይንዎ አይተውታል። ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ፥ እናት ልጆቿን አስከትላ፥ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ፎቶግራፍ ሊነሡ፥ ጎረምሳው ያለ ምንም ጉዳይ፥ ሁሉም ወደ ውኃው ይወርዳል። ጀበናው ከከሰሉ ላይ ይንተከተካል፤ አባ ኮዳ የተባለው ራሰ በራ ወፍ እንደ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ክንፉን ወደ ኋላ ሰብስቦ በሰው መካከል ይንጎራደዳል። ከዚያም የከተማው ሕዝብ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ይቀመጣል። ተቀምጦ ምን ያያል ቢሉ፥ ውኃ። ፀሐይ ስትጠልቅም ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ የተለየ አላደረግሁም። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ያደግሁት ግን ደጋ ነው። በአገሬ ውኃ ማለት በጥር ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት፥ በሐምሌ ደግሞ ከሩቅ ቆመው የሚፈሩት ወንዝ ነው። ስለ ሐይቁ እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ተማሪ ነው። ከሰዓት በኋላ፥ እንደ ልማዱ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ የክፍሉን መስኮት ሲያንገጫግጨው፥ ልጁ እጁን አውጥቶ «መምህር፥ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍስ ከሆነ፥ በሸራ የሚሄድ ጀልባ ከከተማው ተነሥቶ እንዴት ወደ ሐይቁ መካከል ይገባል?» ሲል ጠየቀኝ። ጠመኔ አንሥቼ ቀስቶችን ሣልሁ፤ የኃይሎችን ድምር አሳየሁ፤ ልጆቹም ጻፉ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። በሸራ የሚሄድ ጀልባ በዚህ ሐይቅ ላይ ቀርቶ በየትም ስፍራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

የሐዋሳ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ከታናናሾቹ አንዱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተኝቷል፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር የሚያልፍበት ስፍራ አለው። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ነፋሱም ቢሆን ምሥጢር የለበትም። ቀን ቀን መሬቱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚግል በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ በቦታውም ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛው አየር ይገባል። ስለዚህ ጧት እንደ መስተዋት ረግቶ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ሞገድ ያነሣል። በሌላ አገር የሸራ ጀልባ የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ሰዓቱን የሚያከብር ነፋስ ለማግኘት ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። እኛ መስኮት እንዘጋበታለን።

ጀልባም አልጠፋም። ጎሕ ሲቀድ አሞራ ገደል የደረሰ ሰው ማታ የተጣለውን መረብ ሰብስበው የሚመለሱትን ዓሣ አጥማጆች ያገኛል። ቆሮሶው፥ አምባዛው፥ ቢልጫው ከጀልባው ወለል ላይ ይንፈራገጣል። በዳርቻው ቢላዋ የያዙ ልጆች ዓሣውን ሲገፉ እጃቸው አይታይም፤ አንዱ ጥሬውን በአዋዜ ይላል፥ አንዱ ጥብሱን፥ ሌላው ሾርባውን። እስከ አንዲት ጧት ድረስ በዚህ ሐይቅ ላይ ውድድር የሚባል ነገር የለም እል ነበር። በዚያች ጧት ግን ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ሲመጡ አየሁ። የአንደኛው ቀዛፊ ወደ ጎኑ ገልመጥ አለና በመቅዘፊያው ላይ ጎንበስ አለ። የሁለተኛው አንዳች ቃል ሳይናገር እርሱም ጎንበስ አለ። ከዳር የቆመው ሰው ማፏጨት ጀመረ፤ ዓሣ ገዢዎቹ ሳይቀሩ ወደ ውኃው ጠርዝ ተጋፉ። አንደኛው በአንድ ክንድ ያህል ቀድሞ አሸዋውን ሲነካ የተሸነፈው በመቅዘፊያው ውኃ ረጨበት፤ ከዚያም ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። የአሸናፊው ሽልማት የመጀመሪያው ገዢ ነበር።

የተሸነፈውን ሰው፥ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፥ «ጋሼ፥ በዚህ ጀልባ ላይ ሸራ ተክላችሁ አታውቁም?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «አልፎ አልፎ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ነፋሱ ከኋላዬ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጋቢዬን በመቅዘፊያው ላይ እዘረጋለሁ። ጋቢ ግን መመለስ እንጂ መሄድ አያውቅም፥ መምህር።» የተማሪዬ ጥያቄ ይኸው በሌላ አፍ መጣ።

መልሱ እንዲህ ነው። የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣት መካከል ሲጫኑት ወደ ፊት እንደሚያፈተልክ፥ ጀልባውም በሁለት ነገር መካከል ይጨመቃል፤ ከላይ ሸራውን ነፋሱ ይገፋዋል፥ ከታች በጀልባው ሆድ ወደ ውኃው የወረደው ጠፍጣፋ ሳንቃ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የቀረው መውጫ ወደ ፊት ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ መሄድ አይቻልም፤ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን እየገደሉ፥ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተመላለሱ መውጣት ነው። የሊማሊሞን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መንገዱ በቀጥታ አይወጣም፤ እየተጠማዘዘ ግን ደባርቅ ያደርሳል።

አሁን አንባቢዬን ጥቂት ወደ ደቡብ ልውሰድዎ። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ በኬንያ አገር የሚገኘው የናይቫሻ ሐይቅ የሐዋሳ ወንድም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከፍታው 1,880 ሜትር ያህል ነው፤ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ውኃው ግን እንደኛው ጨው አይደለም፤ ጉማሬውም እንደኛው አለ። በዚያ የናይቫሻ ያት ክለብ የሚባል ማኅበር አለ። በዩጋንዳም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ካዚ በተባለ ስፍራ ተመሳሳይ ክለብ ይገኛል። ልማዱን ያመጡት እንግሊዞች እንደ ሆኑ አይካድም። እግር ኳስንም ያስፋፉት እነርሱ ናቸው፤ ስለዚህ ግን ኳሱን አልጣልነውም።

ክለብ ሲባል ነጭ ሱሪና ውስኪ ብቻ የሚታየው ሰው አለ። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርሁ። ነገሩን ካነበብሁ በኋላ ግን ሐሳቤን የለወጠው የውድድሩ ሕግ ነው። መነሻው በሁለት ምልክቶች መካከል ያለ የማይታይ መሥመር ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ባንዲራ ይወጣል፤ አራት ሲቀረው ሌላ ባንዲራ፤ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛው ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ጀልባዎቹ መቆም ስለማይችሉ ከመሥመሩ ጀርባ እንደ ንብ ይርመሰመሳሉ። ቀድሞ ያለፈ ተመልሶ እንደ ገና ይነሣል። ነፋስ በቀኙ የሚመጣለት ጀልባ ቅድሚያ አለው፤ በግራው የሚመጣለት መንገድ መልቀቅ አለበት። ሳይለቅቅ ቢቀርስ? እዚህ ላይ ነው የተደነቅሁት። በመካከላቸው ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ያጠፋው ሰው ራሱ ጥፋቱን አውቆ፥ ከሌሎቹ ርቆ፥ ጀልባውን ሁለት ጊዜ ሙሉ ክብ አዙሮ ውድድሩን ይቀጥላል። እርሱ ሲዞር ሌሎቹ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ቅጣቱ ይኸው ነው። በፈተና ጊዜ በተማሪዎች መካከል ስመላለስ ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

ፈጣንና ዘገምተኛ ጀልባም አብረው ይወዳደራሉ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተሰላ ቁጥር ስላለ የዘገምተኛው ሰዓት በዚያ ይታረማል። አሮጌ ጀልባ ያለው ሰው እንዲሁ አያፍርም። ደግሞም በብዙዎቹ ትናንሽ ክለቦች አባሉ ሁሉ ተራ አለው፤ በዚህ ሳምንት የሚወዳደረው ሰው በሚመጣው ሳምንት የነፍስ አድን ጀልባውን ይይዛል፥ ወይም ሻይ ያፈላል። ከውድድሩ በኋላ ያለው ጨዋታ ደግሞ ከውድድሩ ይረዝማል። ሲኒው የእኔ ጀልባ፥ ስኳሩ የአንተ፥ ማንኪያው ነፋሱ እየሆነ ክርክሩ ይቀጥላል። ይህ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር ነውን? ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ ተራ መያዝን ከማንም አይማርም።

«ገንዘቡስ?» የሚለኝ አይጠፋም። አንድ ነገር ልንገርዎ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1947 ክላርክ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ ጀልባ ሠሪ በፍሎሪዳ ለልጆች የሚሆን ጀልባ ነደፈ። ርካሽ እንዲሆንና አባትና ልጅ በቤታቸው ሊሠሩት እንዲችሉ ስለ ተፈለገ ከኮምፔርሳቶ የሚሠራ አደረገው። አፍንጫው የተቆረጠ ሣጥን ይመስላል፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲም፥ ክብደቱ ያለ ሸራው 35 ኪሎ ነው። ኦፕቲሚስት ይሉታል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ልጆች እስከ 15 ዓመታቸው የሚማሩበትና የሚወዳደሩበት ይኸው ሣጥን ነው። የሐዋሳ አናጢ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ እየጠገነ የሚኖር ሰው ነው፤ ኮምፔርሳቶ ቢሰጡት ግራ የሚገባው አይመስለኝም።

ስለ ሸራ ስናነሣ የጣናውም ደንገል አይዘነጋም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት ሲነሣ፥ ደንገሉን ያሳጨደው ከጣና ሐይቅ ነው። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ የተነሣችው ራ የተባለችው ጀልባ ከመድረሻዋ ሳትደርስ ፈረሰች። ሁለተኛይቱ ራ ግን በግንቦት 1962 ዓ.ም. ከዚያው ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። እንግዲህ የእኛ ደንገል ሸራ ተተክሎለት አትላንቲክን ተሻግሯል። ጣና ላይ ያለው ታንኳ ግን ዛሬም የሚሄደው በክንድ ነው።

ስለዚህ ሐይቅ አለ፤ ነፋስ አለ፤ አናጢ አለ፤ ቀዛፊ አለ፤ የእሑድ ተመልካች ከበቂ በላይ አለ። የጎደለው ምንድን ነው? እዚህ ላይ የራሴን ጉድ መናገር ግድ ይሆንብኛል። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ተማሪዎች ይዤ ጉማሬ ለማየት በኪራይ ጀልባ ገባሁ። ከመካከል ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ፤ ሞገዱ ጀልባዋን ከጎን ይመታት ጀመር። ልጆቹ ወደ አንድ ወገን ሲጠጉ ጀልባዋ ጋደል አለች። ዞር ብዬ ብመለከት የተንሳፋፊ ሰደርያ ያለው ለአራት ሰው ብቻ ነው፤ የሁለቱም ማሰሪያ ተበጥሷል። «መዋኘት የምትችሉ እጃችሁን አውጡ» አልሁ። ሁለት እጅ ወጣ። የእኔ እጅ ከእነርሱ አንዱ አልነበረም። ባለጀልባው አመለኛውን ሞገድ ያውቀዋልና በሰላም መለሰን፤ ልጆቹም ያን ቀን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሕፃናት የሚያስቡ የሸራ ጀልባ ክለቦች የመጀመሪያው ነገራቸው ሸራው አይደለም፤ ሰደርያውና ዋናው ነው። ሰደርያ ያልታጠቀ ልጅ ከዳር አይነሣም፤ ከዳር ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባ ሳይዘጋጅ ውድድር አይጀመርም። በሐይቅ ዳር ተወልዶ መዋኘት የማያውቅ ልጅ ላለበት ከተማ ይህ ብቻውን ክለብ ያሰኛል።

ሌላም አለ። በናይሮቢ ከተማ ዳር የተገደበ ውኃ ነበረ፤ በእርሱም ላይ የሸራ ጀልባ ሰዎች ይወዳደሩ ነበር። ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ ውኃውን አበላሸው፤ እንቦጭም ሸፈነው፤ ጀልባዎቹም ከዚያ ጠፉ። የእንቦጭን ነገር ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እናውቀዋለን። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ የለውምና የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዘወትር እሑድ ልጁ የሚወዳደርበትን ውኃ ማን ዝም ብሎ ሲቆሽሽ ያያል? ከዳር ተቀምጠን ስናየው ግን፥ እውነቱን እንናገር፥ የፕላስቲክ ጠርሙሱንም አብረን እናያለን።

ዓሣ አጥማጁን ወዳጄን በቅርቡ እንደ ገና አገኘሁትና ይህን ሁሉ አጫወትሁት። ካዳመጠኝ በኋላ «መልካም ነው፤ አንተ ግን ትዋኛለህ?» አለኝ። አልዋኝም አልሁት። «እንግዲያው አንተን ማን አውጥቶህ ነው ልጆቹን የምታወጣው?» ብሎ መረቡን ማጠፍ ቀጠለ።

በሐይቁ ዳር በሸምበቆው መካከል ቢልሃርዝያ ስላለ ለመማር የመረጥሁት የአንድ ሆቴል ገንዳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር እማራለሁ፤ ከመካከላቸው አንዲቱ የተማሪዬ ታናሽ እኅት ስትሆን የሠራሁትን ስሕተት ሁሉ ለወንድሟ ታደርሳለች። ባለፈው ቅዳሜ እግሬ መሬት ሳይነካ 11 ሜትር ሄጃለሁ። ገንዳው 25 ሜትር ነው።